ዲሽ ይቀየር ወይስ ይጨመር?

ነፃውን ትቶ ወደ ክፍያ ቴሌቪዥን ለመግባት ያሰበ ነጋዴና አባወራ ሊያሰላው የሚገባ ሂሳብ

ከአዲስ አበባ ፎቆች በአንዱ ላይ ወጥቶ የከተማዋን ጣሪያዎች ቁልቁል የተመለከተ ሰው ዲሾቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ እንዳላዞሩ ያስተውላል። አንዱ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ የናይልሳትን አቅጣጫ ይመለከታል። ሌላው ወደ ምሥራቅ ቀና ብሎ ተተክሏል። ሦስተኛው ደግሞ አናቱ ላይ ያለውን ሰማይ ሊያይ የተንጋለለ ይመስላል፤ ይህ በአብዛኛው የዲኤስቲቪ ዲሽ ነው። በአንድ ጣሪያ ላይ ሁለትና ሦስት ዲሽ ተደርድሮ ማየትም የተለመደ ነው።

እነዚህ ዲሾች እያንዳንዳቸው የአንድ ውሳኔ ውጤቶች ናቸው። አንድ ሰው በአንድ ወቅት «ይኼኛው ይሻላል» ብሎ ገንዘቡን አውጥቷል። ከነዚያ ውሳኔዎች ጥቂት የማይባሉት ዛሬ ዝገት ይዟቸው ጣሪያ ላይ ቀርተዋል።

ጥያቄው ዛሬም በየቤቱ፣ በየቡና ቤቱና በየእንግዳ ማረፊያው ይነሣል። ያለ ወርሃዊ ክፍያ ከሚታየው ነፃ ዲሽ ወጥቶ በየወሩ ወደሚከፈልበት የሳተላይት ቴሌቪዥን መግባት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው የቻናሎቹን ቁጥር በማነፃፀር ነው። ይሁን እንጂ የቻናል ብዛት ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው መለኪያ ነው። ነገሩን እንደ ነጋዴ ለመመልከት በመጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአንድ ስም የሚሸጡ ሦስት ነገሮች

«ዲሽ ላስገባ» የሚል ሰው በአንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው ዕቃው ነው፤ ሳህኑ፣ አናቱ ላይ ያለው ኤልኤንቢ፣ ገመዱና ሪሲቨሩ። ይህ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የገዢው ንብረት ይሆናል። ሁለተኛው ከሰማይ የሚወርደው ሞገድ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የትኛው ቻናል ከየትኛው ሳተላይት እንደሚወርድ የሚወስኑት የጣቢያውና የሳተላይቱ ባለቤቶች ናቸው። ሦስተኛው የማሳየት መብት ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ወይም አንድን ፊልም በዚህ አካባቢ ማን ያሳይ የሚለው ለተወሰኑ ዓመታት በውል የሚሸጥ ነው።

ከሦስቱ የደንበኛው ንብረት የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሞገዱ ቦታ ሊቀይር ይችላል። መብቱም ውሉ ሲያልቅ ወደ ሌላ ሊዞር ይችላል። ወርሃዊ ክፍያ የሚከፈለው ደግሞ በዋናነት ለዚህ ለሦስተኛው ነው። ስለዚህ የክፍያ ቴሌቪዥን ደንበኛ መሆን ዕቃ ከመግዛት ይልቅ ቤት ከመከራየት ጋር ይመሳሰላል። ኪራዩ ሊጨምር፣ ባለቤቱም ሊለወጥ ይችላል። ተከራዩ ሲወጣ ግድግዳውን ይዞ አይሄድም።

ነፃ ሪሲቨር የትኛውንም ያልተቆለፈ ቻናል ስለሚይዝ ባለቤቱ ሲሰለቸው ለሌላ ሊሸጠው ይችላል። የአንድ ኩባንያ ዲኮደር ግን ከዚያ ኩባንያ አገልግሎት ውጭ ብዙም አይረባም። ኩባንያው ከገበያ ቢወጣ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። ዲኮደሩ በቅናሽ ወይም ከነገጠማው በአንድ ዋጋ የሚቀርበው ሻጩ ትርፉን ከሳጥኑ ሳይሆን ከሚቀጥሉት ወራት ክፍያ ስለሚጠብቅ ነው። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዲሉ፣ የሳጥኑ ርካሽነት የወራቱን ክፍያ እንዳይጋርደው መጠንቀቅ ይገባል።

ሞገዱ ሲሰደድ

ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ተመልካች የነበረው አንድ የመንግሥት ጣቢያ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ሌላ አማራጭ ለማየት የቻሉት ትልልቅ ዲሽ ለመትከል አቅም የነበራቸው ሆቴሎች፣ ኤምባሲዎችና ጥቂት ባለሀብቶች ነበሩ። ሳህኑ እያነሰና ዋጋውም እየወረደ ሲመጣ ዲሽ ወደ ተራው ቤት ገባ። በተለይ በአማርኛ የሚተላለፉ የግል ቻናሎች ሲበራከቱ ገበያው ደራ። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ መልሶ በነፃ ማሳየት ሲጀምር ወርሃዊ ክፍያ ሳይከፈልም ብዙ ማየት እንደሚቻል ለተመልካቹ ግልጽ ሆነ።

ያን ጊዜ አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ቻናሎች ይታዩ የነበሩት በናይልሳት አቅጣጫ፣ ማለትም በ7 እና በ8 ዲግሪ ምዕራብ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሳተላይት ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ኢትዮሳት የተባለው መድረክ ተመሠረተ። የአገር ውስጥ ቻናሎችም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደሚገኘው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት መሰባሰብ ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ወደ ምዕራብ የዞረ ዲሽ ያለው ቤተሰብ ወይ ሳህኑን ማዞር፣ ወይ ሁለተኛ ሳህን መጨመር ግድ ሆነበት። የዲሽ ሠራተኞች ሥራ በዛላቸው። ነፃ የሚባለው ቴሌቪዥንም ጨርሶ ወጪ የሌለበት እንዳልሆነ ታየ።

ከዚህ ፍልሰት የሚገኘው ትምህርት ለነጋዴውም ለተመልካቹም ነው። ለአንድ ሳተላይት ወይም ለአንድ ኩባንያ ብቻ የሚሆን ዕቃ በብዛት ያከማቸ ሻጭ የሌሎች ሰዎች ውል ሲለወጥ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሊቀርበት ይችላል። ከፍተኛ ጥራት ያለውን ሥርጭት የማይቀበል ያረጀ ሪሲቨርም እንዲሁ ነው፤ ቻናሉ ወደ አዲሱ አሠራር ሲሸጋገር ድምፅ እንኳ አያወጣም። ሳህን፣ ገመድና ኤልኤንቢ ግን ለማንኛውም አቅጣጫ ስለሚያገለግሉ በዚህ ንግድ ውስጥ አነስተኛ ሥጋት ያለባቸው ዕቃዎች ናቸው።

መብቱ ሲሸጥና ሲወርስ

የክፍያ ቴሌቪዥን ሥጋት ከዚህ የተለየ ነው። ለዚህ በጎረቤት አገር ኬንያ እንዲሁም በኡጋንዳ የደረሰው ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጂቲቪ የተባለ ኩባንያ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ገበያውን ለብቻው ይዞት ከነበረው መልቲቾይስ ጋር ለመፎካከር ተነሣ። ኩባንያው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን አብዛኞቹን ጨዋታዎች የማሳየት መብት ገዛ፤ ክፍያውንም ዝቅ አደረገ። ኳስ ወዳድ የሆነው ሕዝብ ወደ አዲሱ ኩባንያ ጎረፈ። በጥር 2001 ዓ.ም.፣ ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፣ ጂቲቪ ሥራ ማቆሙን አስታወቀ። ስክሪኑ ጠፋ፤ ዲኮደሩን የገዙ ደንበኞች ሳጥኑን ታቅፈው ቀሩ፤ የጨዋታዎቹ መብትም ወደ ተፎካካሪው ተመለሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ከዚህ በላይ ምሳሌ አይፈልግም።

ይህ ማለት አዲስ ተፎካካሪ ሁሉ ይወድቃል ማለት አይደለም። ርካሽ ክፍያና ውድ መብት አብረው ሲመጡ ልዩነቱን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት ማለት ነው።

ኢትዮጵያም ውስጥ ፉክክሩ ታይቷል። ዲኤስቲቪ በደቡብ አፍሪካ ሥራ የጀመረው በ1988 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በእንግሊዝኛ ቻናሎችና በኳስ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ጎጆ፣ ቤተሰብ፣ ሜዳ የሚሉ ስሞች የተሰጣቸውን ፓኬጆችና አቦል የተባለውን የአማርኛ ቻናል ይዞ ወደ ሰፊው ሕዝብ ወረደ። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ለአምስት ዓመት የማሳየት መብት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የፈረንሳዩ ካናል ፕላስ የአማርኛ ቻናሎችን ይዞ ወደ ገበያው ገብቶ ነበር። ደንበኛው በሁለት ኩባንያዎች መካከል የመምረጥ ዕድል ያገኘ መሰለ። ይሁን እንጂ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ካናል ፕላስ የዲኤስቲቪን ባለቤት መልቲቾይስን በእጁ አስገባ። የትናንት ተፎካካሪዎች በአንድ ባለቤት ሥር ሆኑ።

ለደንበኛው የዚህ ትርጉም ቀላል ነው። አንዱ ኩባንያ ዋጋ ሲጨምር ወደ ሌላው እሄዳለሁ ብሎ ማስፈራራት የሚቻለው ሌላ እስካለ ድረስ ነው። የዓለም አቀፍ ኳስን በብዛት የሚሸጥ አንድ በር ብቻ ካለ የመደራደሪያው ኃይል ያለው በበሩ ባለቤት እጅ ነው። የደንበኛው ብቸኛ ኃይል አለመክፈል ነው። ስለዚህ ይህን ኃይሉን አስቀድሞ በረጅም ጊዜ ክፍያ አሳልፎ መስጠት የለበትም።

ገቢው ብር፣ ወጪው ዶላር

ሁለተኛው ሊታይ የሚገባው ነገር የምንዛሪ ጉዳይ ነው። የውድድሮች መብት፣ የሳተላይት ኪራይና ዲኮደሩ ራሱ የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው። ኩባንያው ከኢትዮጵያዊው ደንበኛ የሚሰበስበው ግን ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በባንክ 57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አስመጪ የሆነ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

እንግዲህ የክፍያ ቴሌቪዥን ደንበኛ ሳያውቀው የአስመጪነት ሥጋት ይሸከማል። ዛሬ ተመጣጣኝ መስሎ የታየ ወርሃዊ ክፍያ ከአንድ ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ይገኛል ብሎ ማሰብ አይቻልም። የቡና ቤት ባለቤት የማኪያቶን ዋጋ በየጊዜው ከፍ ማድረግ ይችል ይሆናል፤ ደሞዝተኛው ግን ደሞዙን ራሱ ከፍ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ማንኛውም ሰው ሂሳቡን ሲሠራ ዛሬ በተለጠፈው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ዋጋው በሲሶ ወይም በግማሽ ቢጨምርስ ብሎም ሊያሰላው ይገባል። ያኔም የሚያዋጣ ከሆነ ይግባበት። ያኔ የሚያናጋው ከሆነ ግን ዛሬም በጠባብ ገመድ ላይ ነው ያለው።

የቡና ቤቱ ሂሳብ

ኳስ ማሳየት በከተማ ውስጥ የታወቀ ንግድ ነው። አንዳንዱ መግቢያ ያስከፍላል፤ አንዳንዱ ደግሞ በመጠጥና በምግብ ሽያጭ ያካክሳል። ብዙ ባለቤቶች ኳስ በሚታይበት ቀን ቤታቸው ስለሚሞላ ብቻ አዋጥቶናል ይላሉ። ቤት መሙላትና ማትረፍ ግን የተለያዩ ናቸው።

ለምሳሌ ያህል፣ የኩባንያ ዋጋ ሳይሆን ለስሌት እንዲመች ብቻ፣ አንድ ቡና ቤት በወር 9,000 ብር ለቴሌቪዥን ይከፍላል እንበል። በወሩ ውስጥ ሰው የሚስቡ 12 የጨዋታ ቀናት አሉ። ክፍያው ለእያንዳንዱ ቀን ሲካፈል 750 ብር ይደርሳል። ባለቤቱ ከአንድ ማኪያቶ ወይም ለስላሳ ወጪውን ሁሉ ቀንሶ 15 ብር ያተርፋል ቢባል፣ የቴሌቪዥኑን ክፍያ ለመሸፈን ብቻ በእያንዳንዱ የጨዋታ ቀን 50 ተጨማሪ ብርጭቆ መሸጥ አለበት።

እዚህ ላይ ተጨማሪ የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። ቤቱ 30 ወንበር ቢኖረውና ኳስ ባይኖርም 10 ደንበኛ የሚመጣ ቢሆን ኳሱ ያመጣቸው 20 ሰዎች ናቸው። 50 ብርጭቆ እንዲሸጥ እነዚህ 20 ሰዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ተኩል ብርጭቆ መጠጣት አለባቸው። የኳስ ተመልካች ደግሞ ከእረፍት ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ወንበር ይይዛል፤ አንድ ማኪያቶ አዝዞ ጨዋታውን የሚጨርሰው ጥቂት አይደለም። ይባስ ብሎ ኳስ የማይወደው ቋሚ ደንበኛ ጩኸቱን ሸሽቶ ወደ ሌላ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ የዚህም ኪሳራ ሊታሰብ ይገባል።

መግቢያ የሚያስከፍለው ቤት ሂሳብ ይበልጥ ግልጽ ነው። በዚሁ ምሳሌ መግቢያው 20 ብር ቢሆን 38 ሰው ሲገባ ለዕለቱ የሚደርሰው 750 ብር ይሸፈናል። ከ38ኛው ሰው በኋላ የሚገባው ግን ገና ትርፍ አይደለም፤ የቤት ኪራዩ፣ የመብራቱና የአስተናባሪው ክፍያ ይጠብቁታል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው የውድድር ዘመኑ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በነሐሴ ተጀምሮ በግንቦት ያልቃል። ሰኔና ሐምሌ ላይ ታላላቅ ውድድሮች ከሌሉ የኳስ ቤቱ ባዶ ነው። ደንበኝነቱን በእነዚህ ወራት ማቋረጥ የማይቻል ከሆነ የ12ቱን ወር 108,000 ብር የሚሸከሙት አሥሩ ወራት ናቸው። የዕለቱ ድርሻ ከ750 ወደ 900 ብር፣ የብርጭቆውም ቁጥር ከ50 ወደ 60 ያድጋል። በሁለቱ የክረምት ወራት ማቋረጥ መቻል ወይም አለመቻል ብቻውን ንግዱን አትራፊ ወይም ኪሣራ ሊያደርገው ይችላል።

የጨዋታው ሰዓትም ገበያ ነው። በእንግሊዝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚደረጉት የተለመዱት ጨዋታዎች አዲስ አበባ ላይ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ወይም ከምሽቱ 12 ሰዓት ይጀምራሉ፤ ይህ ለቡና ቤት ወርቅ የሆነ ሰዓት ነው። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋና ዋና ጨዋታዎች ግን የሚጀምሩት ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ሌሊት ስለሚሆን ትራንስፖርት የሌለው ደንበኛ አይቆይም። ስለዚህ በውድ ፓኬጅ ውስጥ የተጨመረ ውድድር ሁሉ ለሁሉም ቤት ገቢ አያመጣም። መናኸሪያ አጠገብ ያለና መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያለ ቤት አንድ ዓይነት ፓኬጅ መግዛት የለባቸውም።

በመጨረሻም የውሉ ዓይነት አለ። ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ ደንበኝነትና ለንግድ ቤት የሚሸጥ ደንበኝነት ይለያያሉ። በቤት ካርድ በቡና ቤት ማሳየት ውል ማፍረስ ነው፤ በዚህ ላይ የተመሠረተ ንግድም በማንኛውም ቅዳሜ ሊቋረጥ ይችላል። ሂሳቡ የሚያዋጣው በቤት ዋጋ ሲታሰብ ብቻ ከሆነ፣ እውነቱ ንግዱ አላዋጣም ማለት ነው።

የቤቱ ሂሳብ

መኖሪያ ቤት ውስጥ መለኪያው ሌላ ነው። አንድ ቤተሰብ 100 ቻናል ቢኖረውም በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ የሚያየው በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የሁለት ሳምንት መዝገብ መያዝ ይጠቅማል። ማን፣ ምን፣ ስንት ሰዓት አየ? በነፃው ዲሽ የማይገኘውና ቤተሰቡ በእርግጥ የፈለገው የትኛው ነው? ወርሃዊው ክፍያ ለዚያ ሰዓት ሲካፈል ዋጋው ይታወቃል። በወር 40 ሰዓት የሚያይ ቤትና 6 ሰዓት የሚያይ ቤት አንድ ዓይነት ክፍያ ቢከፍሉም የገዙት ዕቃ ዋጋ እኩል አይደለም።

ስድስት ሰዓት ብቻ የሚያይ አባወራ ጨዋታውን ሰፈር ካለ ቤት ሄዶ ቢያይ ይረክስለታል። ሕፃናት ያሉበት ቤት ደግሞ ከኳሱ ይልቅ የልጆች ቻናሎችን ሊፈልግ ይችላል፤ እነዚህ በአነስተኛው ፓኬጅ ውስጥ ካሉ ትልቁን መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። ሁለተኛ ቴሌቪዥን ያለውም ሰው በአንድ ዲኮደር ሁለት የተለያዩ ቻናሎችን በሁለት ክፍል ማየት እንደማይችል አስቀድሞ ይወቅ። ለዚህ ተጨማሪ ሳጥንና ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል።

«ሁሉንም ይከፍታል»

በዲሽ ገበያ ውስጥ ሦስተኛ መንገድ የሚያሳዩ ሻጮች አሉ። የተቆለፉ ቻናሎችን በኢንተርኔት በሚመጣ ቁልፍ የሚከፍት ሪሲቨር ያቀርባሉ፤ «ዓመቱን ሙሉ ሁሉንም ይከፍታል፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም» ይላሉ። ዋጋው ያጓጓል።

ይሁን እንጂ ይህ ዕቃ በሁለት በኩል ሥጋት አለበት። አንደኛው ሕጉ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ የብሮድካስት ድርጅቶችንም መብት ይጠብቃል። በተለይ በንግድ ቤት ውስጥ በዚህ መንገድ ማሳየት ፈቃድን የሚያህል ነገር ለጥቂት ብር ማስያዝ ነው። ሁለተኛው የንግዱ ጠባይ ነው። ኩባንያው ቁልፉን በቀየረ ቁጥር ስክሪኑ ይጨልማል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጨልመው ትልቅ ጨዋታ ባለበት ቀን ነው። የዓመት ክፍያ የተቀበለው ሰው ስልኩን ባያነሣ የሚከሰስበት ውል የለም። ዋስትና የሌለው ዕቃ ርካሽ ቢሆን አይገርምም።

ሰማይ፣ ዝናብና መብራት

ከገንዘቡ ሌላ የአየሩም ጠባይ መታወቅ አለበት። ትናንሽ ሳህኖች የሚቀበሉት ሞገድ በከባድ ዝናብ ይዳከማል። በክረምት ዶፍ ሲወርድ ምስሉ የሚቆራረጠው ወይም የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ ነፃም ሆነ የሚከፈልበት ዲሽ ከዚህ አያመልጥም። መፍትሔው ሰፋ ያለ ሳህን፣ በጥንቃቄ የተስተካከለ አቅጣጫና ውኃ የማያስገባ የገመድ ጫፍ ነው። በደረቅ ወቅት ለይድረስ ይድረስ የተተከለ ዲሽ ጉድለቱ የሚታወቀው በሐምሌ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረምና በመጋቢት፣ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ ለጥቂት ቀናት በቀን ለጥቂት ደቂቃዎች ምስል ሊጠፋ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። የዲሽ ሠራተኛ ተጠርቶ ገንዘብ ሊከፈልበት አይገባም።

አቅጣጫም ሊታይ ይገባል። ከአዲስ አበባ ሲታይ ዲኤስቲቪ የሚጠቀምበት የ36 ዲግሪ ምሥራቅ ሳተላይት አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጎረቤት ፎቅ ቢሠራም በቀላሉ አይጋርደውም። የናይልሳት አቅጣጫ ግን ወደ ምዕራብ ዝቅ ያለ በመሆኑ አዲስ ሕንፃ ወይም የባሕር ዛፍ ሊከልለው ይችላል። በየጊዜው ግንባታ በሚካሄድበት ሰፈር ይህ ተራ ነገር አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም እኩል ነው። ቡና ቤቱ ጄኔሬተር ከሌለው የጨዋታው ቀን ገቢ በመብራቱ እጅ ነው። የነዳጁ ወጪም በቴሌቪዥኑ ሂሳብ ውስጥ ሊገባ ይገባል።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ

ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው። የተነገረው ዋጋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይዟል ወይስ አልያዘም? ክፍያው ወር በወር ነው ወይስ የግዴታ ጊዜ አለው? አንድ ወር ቢዘለል መልሶ ለማስከፈት የሚጠየቅ ገንዘብ አለ? ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ፓኬጅ መውረድ ይቻላል? ዲኮደሩ የደንበኛው ንብረት ነው ወይስ የኩባንያው? ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? የተፈለገው ውድድር ወይም ቻናል በየትኛው ፓኬጅ ውስጥ ነው? ከፓኬጁ ቢወጣስ ክፍያው ይቀንሳል? ለእነዚህ ሻጩ በቃል ሳይሆን በወረቀት መልስ ሊሰጥ ይገባል። ክፍያውም በባንክ ወይም እንደ ቴሌብር ባለ ደረሰኝ በሚተው መንገድ ቢፈጸም ለክርክር ማስረጃ ይሆናል።

በቅናሽ ስም የዓመት ክፍያ አስቀድሞ መክፈልን በተመለከተ ሁለቱም ወገን ክርክር አለው። ዋጋ ይጨምራል ብሎ ለሚሠጋ ሰው አስቀድሞ መክፈል የዛሬውን ዋጋ ይቆልፍለታል። ነገር ግን የሚቆለፈው ዋጋው እንጂ ቻናሉ አይደለም። የተከፈለበት ውድድር በመሃል ወደ ሌላ ቢዞር ገንዘቡ ተመላሽ ካልሆነ ቅናሹ ትርጉም ያጣል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚከፈለው ገንዘብ ቢጠፋ የማያስለቅስ መጠን ብቻ መሆን አለበት።

መቀየር ወይስ መጨመር

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው ዲሽ ልቀይር ሲል አንዱን ነቅሎ ሌላውን መትከል ይመስለዋል። ሁለቱ ግን አይቃረኑም። ነፃው ዲሽ በጣሪያው ላይ ቢቀመጥ በየወሩ የሚጠይቀው ክፍያ የለም። የሚከፈልበትን ከጎኑ መትከል ይቻላል፤ ቴሌቪዥኑም ሁለቱን ሳጥኖች በተለያየ መሰኪያ ይቀበላል። ነፃውን ነቅሎ የሸጠ ሰው ግን ክፍያው በከበደው ቀን ባዶ ስክሪን ይጠብቀዋል፤ ሳህኑንም ዳግመኛ በአዲስ ዋጋ ይገዛል።

ስለዚህ ለአብዛኛው ቤት የሚያዋጣው ነፃውን እንደ ቋሚ ንብረት ይዞ የሚከፈልበትን እንደ ወቅት ዕቃ መጠቀም ነው። በሚፈለግበት ወር ይከፈላል፤ በማይፈለግበት ወር ይቆማል። ለቡና ቤቱ ደግሞ መነሻው የወንበሩና የብርጭቆው ቁጥር ነው፤ ኳሱ ያመጣው ተጨማሪ ደንበኛ ክፍያውን በማይሸፍንበት ሰፈር የጎረቤቱ ቤት ስለሞላ ብቻ መከተል ኪሣራን መከተል ነው። ዕቃውን የሚነግደውም ሰው ገንዘቡን በሳህንና በገመድ ላይ እንጂ በአንድ ኩባንያ ሳጥን ላይ ብቻ ባያፈስ ይበጀዋል።

ሻጩ የሚያወራው ስለ ቻናሉ ቁጥር ነው። ገዢው መጠየቅ ያለበት ግን በማይከፍልበት ወር እጁ ላይ ምን እንደሚቀር ነው።